የማርታ የሠርግ መኪና እንዴት እንደ ተመረጠ

ይድረስ ለወንድሜ ለየኔሰው ወልደ ጻድቅ፣
አቡዳቢ።

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከመሪው ስትነሣ ይይዝሃል? እንቅልፍ ታገኛለህ? ምግብህንስ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ እስክትጠራ ትጠብቃለህ? እኛ የመድኃኔ ዓለም ስሙ ይክበር፣ ከአባባ ጀምሮ እስከ ደጃፋችን ውሻ ድረስ ደኅና ነን። የጎደለን አንድ ሰው ነው፤ ማን እንደ ሆነ አንተው ታውቀዋለህ። የእኔ ድምፅ ብቻ በእልልታው ብዛት ሄዶ እስካሁን አልተመለሰም። ተማሪዎቼ ሳምንቱን ሙሉ በሹክሹክታ ሳስተምራቸው እነሱም በሹክሹክታ ሲመልሱልኝ ከረሙ።

በየሳምንቱ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። እኔም ላወራህ ምላሴ ሲበላኝ ነው የሰነበተው፤ ግን ተከልክዬ ነው። «ይህን በስልክ አትንገሪው፤ ጻፊለት፤ የተጻፈ ነገር ይቀመጣል» ያሉኝ አባባ ናቸው። አዎ፣ አባባ። ከፈለግህ መለስ በልና ደግመህ አንብበው። የአምደወርቋ ትንሣኤ የዕረፍት ጊዜዋን ጨርሳ ወደ እናንተ ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሃለሁ።

ሠርጉን በፎቶ አይተኸዋል፤ ሙሽሮቹ በጥቁሩ መኪና ሲሄዱም አይተሃል። እንዴት እንደ ተመረጠ ግን የምታውቀው ግማሹን ነው። አንተ ድጓውን ከመሐል አቋርጠህ፣ የአባባን ቡራኬ ሳትቀበል ከሄድክ ስድስት ዓመት ሆነ። ስልኩ ጮኾ ያንተ መሆኑን ሲያውቁ በትራቸውን አንሥተው ወደ ደጅ እንደሚወጡ እናታችን ብትደብቅህም እኔ ነግሬሃለሁ። የላክላቸውን ካፖርት አንድ ቀን እንኳ ሳይደርቡት ለደጀ ሰላም ችግረኛ ሰጥተውታል። ስለዚህ «የማርታን የሠርግ መኪና ለእኔ ተዉት» ስትል ደስታችንና ፍርሃታችን እኩል ነበር። አባባ መኪናውን ከደጅ ቢመልሱትስ? በሠርግ ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት? ማርታ ደግሞ ጆሮዬ ላይ «የወንድሜ መኪና ካልሆነ አልገባም» ብላኛለች። ታውቃታለህ፣ ካለች አለች ነው።

በዚህ ላይ የሙሽራው የምስክር አጎት ጋሽ ቅጣው፣ ባለ ወፍጮው፣ «ለወንድሜ ልጅ መኪና የማመጣው እኔ ነኝ» ብለው ወልድያ ካሉ ዘመዳቸው ነጭ አውቶሞቢል አስመጡ። አንተ የለመንከው ጓደኛህም ጥቁሩን የላከው ከዚያው ከወልድያ ነው። ሁለቱ መኪኖች ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሰቆጣ ደረሱ። በእግራቸው መጡ እንዳልልህ ባለቤቶቻቸው በጠጠሩ መንገድ እንዳይጎዱባቸው ሰስተው በሁለት አይሱዙ አስጭነው ነው የላኳቸው። መኪና በመኪና ላይ ተሳፍሮ፣ ድንኳን ለብሶ፣ በገመድ ታስሮ ሲመጣ አይተን አናውቅም። ከአፈር ቁልል ላይ አስጠግተው በሳንቃ እያንሸራተቱ ሲያወርዷቸው ግማሹ ከተማ ሥራውን ፈትቶ ቆመ።

አክስታችን ወለተ ሰንበት ከዝቋላ ሁለት ፍየል እየነዱ በእግራቸው መጥተው ነበር። ማሽላው ዘንድሮ ሸጋ ስለሆነ ፊታቸው ሁሉ በርቷል። መኪኖቹን ዞር ዞር ብለው አዩና በኽምጣንጋ፣ በዋግ አገውኛው፣ አንድ ነገር ሲናገሩ የሰሙት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ለካ «ሁለቱም ሆዳቸው መሬት ሊነካ ነው፤ እንዲህ የጠገበ እንስሳ ሩቅ አይሄድም» ማለታቸው ነው።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። አንተ በስልክ ያልከኝን እኔ እንደ ጠበቃ ቆሜ ተናገርኩልህ። ሁለቱን የሠሯቸው እርስ በርስ የሚፎካከሩ ሁለት የጀርመን ፋብሪካዎች ናቸው፤ ነጩ ለሚነዳው ሰው፣ ጥቁሩ ለሚቀመጠው ሰው የተሠራ ነው፤ ሙሽራ ደግሞ አይነዳም አልኩ። ጋሽ ቅጣው የዋዛ አይደሉም፤ ሙሽራን በጥቁር መኪና መውሰድ ለቅሶ ነው ወይ ብለው አፋጠጡኝ። የኛ ጎረቤቶች ጥቁሩን፣ የነሱ ጎረቤቶች ነጩን ይዘው ሞተር ሲያስነሡ፣ ጥሩንባ ሲያስነፉ፣ ወንበር ሲዳብሱ ዋሉ። ደሞዝ የሚባለው የወልድያው ሾፌር፣ ጥቁሩን የሚነዳው፣ ሰው በነካው ቁጥር በጨርቅ እየወለወለ ሊያልቅ ደረሰ። እኔ ግን ዓይኔ ከአባባ ላይ አልተነሣም። ግቢው ጥግ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ቀና ብለው አላዩም። እናቴ ጠጋ ብላ ምን ይመስልዎታል ብትላቸው እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፣ የመኪና ነገር አይመለከተኝም ብለዋት ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ዓርብ ጧት ነው ነገሩ የተለወጠው። ክርክሩ ሞቆ ጋሽ ቅጣው ስለ ፍሬኑ እያስረዱ ሳለ አባባ ዳዊታቸውን አጥፈው ተነሡና መጥተው በመካከላችን ቆሙ። «ይህን ሁሉ ስትለኩ አክሊሉን ለክታችኋል?» አሉ።

አንተም ዲያቆን ሳለህ እንደምታውቀው በእኛ ደብር ሙሽሮች አክሊል ደፍተው ነው እስከ ቤት የሚሄዱት፤ አክሊሉ የሚወርደው ከቤት ተደርሶ ጸሎት ከተደረገ በኋላ ነው። ድሮ በበቅሎ ሲኬድ ጣሪያው ሰማይ ነበር። ከዚያ ወዲህም የሠርጉ መኪና ላንድክሩዘር ስለሆነ ማንም አስቦበት አያውቅም። እነዚህ ሁለቱ ግን ከወገባችን ትንሽ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ምስክር ደግሞ ቁመቱን አይተኸዋል። አንተ እንኳ በዚያ ሁሉ ዕውቀትህ አክሊሉን ረስተኸዋል፤ ልቀልድብህ አይደለም፣ እውነቱን ነው።

ጋሽ ቅጣው ወዲያው አክሊሉን እናምጣና እንለካው አሉ። አባባ ንዋየ ቅድሳት ለመኪና ልኬት ከዕቃ ቤት አይወጣም አሉ። እንኪያስ ድስት ደፍተን እንለካ ሲሉ አባባ እንዴት እንዳዩአቸው ብታይ! ሰውየው ራሳቸው ድስት ውስጥ ለመግባት ነበር የፈለጉት። መቼም ቄሰ ገበዝ ሆነው አክሊሉን ሠላሳ ዓመት የጠበቁት አባባ ናቸው፤ ቁመቱን እንደ ጣታቸው ያውቁታል። ከጥምጥማቸው እኩል ነው። የእሳቸው ቁመት ደግሞ ከምስክር እኩል ነው። ይህን ተናግረው ሲጨርሱ የሚለካው ማን እንደ ሆነ ለሁላችንም ገባን፤ ለራሳቸውም የገባቸው ያኔ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ነጩ ውስጥ ገቡ። ጥምጥማቸው ጣሪያውን ነክቶ ወደ ግንባራቸው ተንሸራተተ። ጋሽ ቅጣው ሙሽራው ትንሽ ጎንበስ ቢል ምን ይሆናል አሉ። አባባ ጥምጥማቸውን እያቃኑ ወጡና «ሙሽራ አክሊል ደፍቶ አይጎነብስም» አሉ። በዚያ ላይ የሚጨመር ነገር አልነበረም።

ከዚያ ጥቁሩ ፊት ቆሙ። ደሞዝ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ እሳቸው አይገቡም። እናቴ እጄን ጨብጣ ጣቶቼን ልትሰብራቸው ነበር። የማን እንደ ሆነ እያወቁ «ይህ የማን ነው?» አሉ። እናቴ ናት ቀስ ብላ «የልጅዎ ነው» ያለችው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ገቡ።

ጥምጥማቸው ይህንንም ጣሪያ ነካው። የኔሰው፣ እዚያው ላይ ቁጭ ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ደሞዝ የኋላው ወንበር ዝቅ እንደሚል ሰምቻለሁ፣ ግን ራሴ ነክቼው አላውቅም አለ። ያኔ ነው የደወልኩልህ። አንተ የምትነዳለት ሆቴል በር ላይ እንግዳ እየጠበቅህ ነበር። ስልኩን ላውድ አድርጌ ወንበሩ እንዴት ነው የሚወርደው አልኩህ፤ አንተም እንደ ለመድከው ከሳቅህ በኋላ በሩ ላይ ወንበር የሚመስሉ ትንንሽ ቁልፎች አሉ፣ የታችኛዋን ተጭኖ መያዝ ነው አልክ። ከዚያ የተቀመጠው ማነው ብለህ ጠየቅህ።

ሁላችን ወደ አባባ ዞርን። አንተም መልስ ሳትጠብቅ፣ ሆዳቸውን ስለምታውቀው፣ ጋሽ ቅጣው ናቸው ብለህ ደመደምክና «በያቸው፣ ሆዳቸውን ይሰብስቡ፤ ጀርባቸውን ይጣሉ፤ አይፍሩ፣ እኔ አለሁ» አልክ። ታስታውሳለህ? ጋሽ ቅጣው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከግድግዳው ጀርባ ሄዱ።

ያ ሰው አባባ ነበሩ።

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የበሩን እጀታ ጨብጠው፣ ያልካትን ቁልፍ ተጫኑ። ወንበሩ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ታችም ወደ ኋላም ሄደ፤ ጥምጥማቸው ከጣሪያው ሁለት ጣት ያህል ራቀ። አንተ «ወረደ?» ብለህ ጠየቅህ። እኔ ልመልስልህ አፌን ስከፍት አባባ ቀድመውኝ «ወረደ» አሉ። አንተም «እሰይ!» ብለህ እንግዳው ስለ መጣብህ ዘጋኸው። የአባትህን ድምፅ አላወቅኸውም ወንድሜ። አልፈርድብህም፤ እሳቸውም እንደዚያ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩ እኔም ሰምቻቸው አላውቅም።

ከመኪናው አልወጡም። በኋላ «ድምፁ ወፍሯል» አሉ። ደሞዝን ይህን መንዳት ከባድ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ደሞዝ፣ ዕድሜ ይስጠው፣ አባቴ መንዳቱ አይደለም ከባዱ፣ ይህን መኪና ከነተሳፋሪው የሚያስረክቡት ለታመነ ሰው ብቻ ነው አላቸው። ወደ እኔ ዞሩና «ሲደውል ሁልጊዜ እንዲህ ይስቃል?» አሉኝ። አዎ፣ እርስዎ ደጅ ቆመው እንዲሰሙት ብሎ ነው ጮኽ የሚለው አልኳቸው። ለማለት ያህል ያልኩት አይደለም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ለመንገር ስጠብቅ ነበር። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ደሞዝን «እስቲ ትንሽ ንዳኝ» አሉት። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደርሰው፣ ያገኙትን ሰው ሁሉ በመስኮት እየባረኩ፣ ያወቁትንም ያላወቁትንም እያስቆሙ ልጄ የሚነዳው እንዲህ ያለውን ነው እያሉ ተመለሱ። እናቴ እልል ያለችው ያኔ ነው፤ የእኔም ድምፅ የሄደው ያኔ ነው እንጂ በሠርጉ አይደለም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማርታና ምስክር ካባቸውን ለብሰው፣ አክሊላቸውን ደፍተው ሲወጡ የጥቁሩን በር በገዛ እጃቸው የከፈቱት አባባ ናቸው። ምስክር ቀና እንዳለ ገባ፤ የአክሊሉ መስቀል እንኳ ጣሪያውን አልነካም። በነጩ እናቴና አክስታችን ወለተ ሰንበት ሄዱ። አክስታችን ከመውረዳቸው በፊት የጠገበውን እንስሳ አንድ ጊዜ ደግመን እንዙርበት ብለው ጋሽ ቅጣውን ገበያውን ሦስቴ አዞሯቸው። ጋሽ ቅጣውም መኪናቸው ባይመረጥ ቅር አላላቸውም፤ ሆዳቸውን መሰብሰብ ግን ጀምረዋል።

እናታችን አልጣሽ በስልክ የምትልህን ሁሉ ደግማ ብላሃለች፤ በተለይ «ብላ» ብላሃለች። ሙሽሪት ማርታ መኪናህ ውስጥ ሆና ስትስቅ እንደ ነበረ ጻፊልኝ ብላለች። ምስክር እጅ ነሥቷል። አክስት ወለተ ሰንበት ከሁለቱ ፍየሎች አንዷን ላንተ ብለው አስተርፈዋታል፤ ስትመጣ ትታረዳለች። ጋሽ ቅጣው የምትሰድበውን ሰው እንድትለይ አደራ ብለዋል። ደሞዝም ከወልድያ ደውሎ ሰላም በይልኝ ብሏል። እኔ እኅትህ ማስተዋል ጉንጭህን ስሜሃለሁ። የአባባን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልህም፤ ብዕሩን ስጪኝ ብለው አጠገቤ ቆመዋል።

ልጄ የኔሰው፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልህ። እኅትህ የጻፈችውን አነበብኩት፤ ከእንባዬ በቀር ያጋነነችው የለም። ድጓውን ጥለህ ስትሄድ ተቆጥቼ ነበር። ቁጣው ካለፈ ቆይቷል፤ የቀረው ኩራት ነበር፤ እሱ ደግሞ ለካህን አይገባም። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ በመጀመሪያው እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደውል። ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ።

አባትህ ወልደ ጻድቅ

ሰቆጣ፣ ጥር ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.