ደረሰ መጥቶ ይረስ

ይድረስ ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ እንግዳው፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን የጅማ ዝናብ አላባሰብዎትም? እትዬ መስከረምስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የባለቤቴ የባምላኩ ክንድ ጀሶው ቢፈታለትም ገና እርፍ አይጨብጥም።

ደብዳቤዎን አነበብኩት። ክንዱን የሰበረው ደረሰ ወህኒ ይበስብስ፣ እንዳትታረቁ ብለዋል። የተቆጡት ለኔ ብለው ነው። እኔም ፖሊስ ሲወስደው እልል ብዬ ነበር፤ አሁን አፍራለሁ።

ግን ጋሼ፣ አገር ከለቀቁ ቆዩና የዘነጉት ነገር አለ። እኛ አንድ በሬ፣ ደረሰም አንድ በሬ ነው ያለን። ሁለቱን አቀናጅተን ነው ስናርስ የኖርነው። ጠቡም የተነሣው ዝናቡ ሲጥል መጀመሪያ የኔ ይታረስ በመባባል ነው። እሱ ፍኖተ ሰላም ከታሰረ ወዲህ የሁለታችንም ማሳ ጦም አድሯል። የሱ ዘመድ ለኛ አያርስ፣ የኛ ዘመድ ለነሱ አያርስ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ተለያይተን ነው የምንቀመጠው። ሚስቱ አስካለ ማርያም በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ በሬውን ልትሸጠው ደርሳለች። እሱ ከተሸጠ የኛ በሬ ከማን ጋር ይጠመዳል? ደረሰ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ፣ መንግሥት ይቀልበው፣ ሁለት ቤት ልጆች ይራቡ፤ ታዲያ የተቀጣው ማን ነው?

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ሽማግሌዎቹ ከአባ ወልደ ገብርኤል ጋር የመከሩት ይህ ነው፦ ደረሰ በሰው ፊት ጥፋቱን አምኖ ይካሰን፤ የባምላኩ ክንድ እስኪጠና ድረስም የኛን ማሳ አስቀድሞ፣ የራሱን አስከትሎ ይረስ። ዳኛው ቅጣቱን ለሰኔ 23 ቀጥረዋል፤ ተበዳዩ ከፈቀደ በገደብ መልቀቅ ሊታሰብ ይችላል ብለውናል። ባምላኩ መጀመሪያ አሻፈረኝ ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ማሳውን ዞሮ አይቶ መጣና፣ በይ እሽ፣ ግን ትልሙን ቆሜ ነው የማየው አለኝ።

ምሬዋለሁ አልልም፤ ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ቂሙን ግን ልጆቼ አይወርሱትም። ለዳኛው የሚቀርበው የፈቃድ ማመልከቻ ላይ ዛሬ ጠዋት እኔና ባምላኩ ፈረምን። የምጽፍልዎ ፈቃድ ልጠይቅ ሳይሆን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ነው። ቢቆጡም እህትዎ ነኝ።

እትዬ መስከረምን በብዙ ሰላም ይበሉልኝ፤ ሕሊናንና ክንፈሚካኤልን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ባምላኩ በግራ እጁም ቢሆን እጅ ነሥቷል። አስካለ ማርያም ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። እኔንም ሰላም በይልኝ ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለመነችኝ። እባክዎ ጋሼ፣ ሲመልሱልኝ ስሟን ጠርተው እሷንም ሰላም ይበሏት።

እህትዎ ንግሥቴ
ቡሬ፣ ሰኔ 9 ቀን 1999 ዓ.ም.