አርባ ስምንቱና ሃያ አራቱ

ሰኔ 29፣ እሑድ

ብርድ። ፀሐይ ካየን አምስት ቀናችን። የእኛ የስደተኞቹ ዕድር ስብሰባ ነበር። እንደ ወትሮው ሻይ ያዞርኩት እኔ፣ የተናገርኩትም እኔ። ዕድሩ ካሜራ ይግዛ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ ፎቶ ይነሱ አልኩ። ማንም እንደ ጓንጉል አይሂድ።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ዘርይሁን፣ "ሐሳቡን ያመጣሽው አንቺ፣ ገዢዋም አንቺ" አለኝ። ሳቁ። አፌን ለመዝጋት መሆኑ ይገባኛል። እሺ አልኩ።

ባሌ ጓንጉል ሲሞት ሬሳው ፊት የቆመው ፎቶ... ከስልክ ላይ፣ ከሃያ ሰው መሃል ተቆርጦ የወጣ። መስኮት አሳክለው አሳተሙት። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው። ጭቃ። ከኋላዬ አንዱ "ይሄ ማነው?" ሲል ሰማሁ። በገዛ ቀብሩ።

ያንን ፎቶ ያሳተመችው እህተማርያም ናት። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረችኝ። ይኸው ሦስት ዓመት አላናገርኳትም።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

መሃል ከተማ ካሜራ መሸጫ ወረድኩ። ሻጯ ፋኢዛ የሞያሌ ልጅ ናት፣ አማርኛ ትችላለች። ሁለት ካሜራ አወጣችልኝ። አንዱ አዲስ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፤ ካርቶኑ ላይ 48 ሜጋፒክስል ይላል። ሌላው ሰው የሠራበት፣ እንደ ጡብ የሚከብድ፣ 24። ዋጋቸው እኩል።

"ሜጋፒክስል ምንድን ነው?"

"ፎቶው የሚሠራባቸው ነጥቦች ናቸው፣ እማማ። አርባ ስምንት ሚሊዮን ነጥብ። ሲበዛ ትልቅ አድርገው ያሳትሙበታል።"

"ታዲያ አሮጌው እንዴት ዋጋው እኩል ሆነ?"

"የሱ ሴንሰሩ ትልቅ ነው።"

ሴንሰር ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከኋላዬ ሰዎች ቆመዋል... አታውቅም እንዳይሉኝ። ቁጥር ግን አነባለሁ። ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ ማንም አይነግረኝም። ካልተስማማዎት እስከ ማክሰኞ ይመልሱት፣ እቀይራለሁ አለች።

አርባ ስምንቱን ያዝኩ። ማታቱ ታክሲ ውስጥ ጉያዬ ሸጉጬው፣ ሰው ሁሉ የሚያየው እየመሰለኝ። ልክ ነኝ? ልክ ነኝ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ደጅ ላይ የጎረቤቴን ዶሮ ፎቶ አነሳሁ። ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ታዲያ ለምን ሆዴ አላረፈም?

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጋሽ ዘርይሁን ደወለ። እህተማርያም በጣም ታማለች። ሐኪሞቹ ቤቷ ትሁን ብለዋል። ከእሷ ጀምሪ አለኝ።

ከእሷ? ሌላ ሰው ላክ አልኩት።

"ካሜራው ያለው አንቺ ጋ ነው፣ ሙሉነሽ።"

ምን ብዬ እገባለሁ?

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ሄድኩ። ልጇ ምርቃት በር ከፈተችልኝ። "እትዬ፣ ፍላሽ ፕሊስ ይቅር። ብርሃን ራሷን ያሳምማታል።" መጋረጃው ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ቢከፈትስ? ውጭውም ዳመና ነው።

ትራስ ተደግፋ አገኘኋት። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። አየችኝና ሳቀች።

"መጣሽ? መሞቴን ልታረጋግጪ?"

"ዕድሩ ነው የላከኝ።"

"እንግዲያው በደንብ አንሺኝ። የባልሽን ቂም በፊቴ እንዳትወጪው።"

አሥር ጊዜ ተጫንኩ፣ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት።

አሸዋ። ፊቷ ላይ አሸዋ የበተኑባት ትመስላለች። ዓይኗ ከጥላው አይለይም። የጓንጉል ፎቶ... ያው ራሱ። ይህኛው ግን የእኔ እጅ ሥራ ነው።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ ተካልኝ ጋ ሄድኩ። የሠርግ ፎቶ አንሺው። ስለ ሁለቱም ካሜራ ነገርኩት። ፎቶውን አየና፣ "ቁጥር አይተው ነው የገዙት፣ እትዬ ሙሉነሽ?" አለኝ። ልሰድበው ነበር። ሻይ የመጣለትን ትሪ ወደኔ ገፋ።

"ይሄ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ነው እንበል። ስድስት ብርጭቆ ይዟል። አርባ ስምንት ደርድሩበት ብልዎትስ?"

"ብርጭቆውን ማሳነስ ነዋ።"

"ጥፍር ማሳከል ነው። ሻዩ ደግሞ ብርሃኑ ነው። ደጅ ላይ ሞልቶ ይፈሳል፣ ሁሉም ይደርሰዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ግን ሻዩ ጠብታ ነው። ለጥፍሯ ብርጭቆ ምን ይደርሳታል? አሸዋው እሱ ነው። ሃያ አራቱ ትሪው ሰፊ ነው፣ ብርጭቆውም ሰፊ።"

"መስኮት አክሎ ቢታተምስ ሃያ አራት ይበቃል?"

"ይተርፋል።"

ዕድሜዬን ሙሉ ትሪ ተሸክሜ... ይሄን ለመጠየቅ አፈርኩ። ነገ ማክሰኞ ነው። ፋኢዛ አሮጌውን ሸጣው ቢሆንስ? እህተማርያም እስከ ነገ ባትቆይስ?

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

አልተሸጠም። ፋኢዛ ካርቶኑን አገላብጣ አየችና ቀየረችልኝ። ከዚያው በቀጥታ እህተማርያም ቤት። ተካልኝ ካሜራው ላይ የቱን እንደማዞር በትልልቅ ፊደል ጽፎ ሰጥቶኛል።

"ደግሞ መጣሽ?"

"የእሑዱ ተበላሸ። ፊትሽ አልወጣም።"

"እንግዲህ አየሽው" አለች። "እኔም መርጬ አልነበረም። የጓንጉል ፎቶ የተገኘው እሱ ብቻ ነው። ስቱዲዮ እንሂድ ሲልሽ ምን አልሽው? ነግሮኛል።"

"ማን ሊያየን" ነው ያልኩት። ሁለቴ ጠይቆኛል። የለም... ሦስቴ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም። እዚህ ደብተር ላይም ዛሬ ነው የጻፍኩት። ጥፋቱን ሦስት ዓመት ሙሉ በእሷ ላይ ለጠፍኩት።

"በይ አታልቅሺ፣ ዕቃው ይረጥባል" አለችኝ።

ክርኔን ወንበር ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ ተጫንኩ። መጋረጃውን አልነካሁም። ወጣ። ዓይኗ ወጣ። ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት እንኳን ወጣ። ወስጄ አሳየኋት።

"ይቺማ ልትሳደብ የተዘጋጀች ሴት ናት።"

"አንቺው ነሽ" አልኳት።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

እህተማርያም ጠዋት ዐረፈች። እሑድ ጠርታኝ ነበር፤ ቁጭ ብለን ሰው ስናማ ዋልን።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ቀበርናት። ፎቶው መስኮት አክሎ ፊት ለፊት ቆመ። እኔ ከኋላ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ ቆየሁ። ይሄ ማነው ያለ የለም። አንዷ፣ "ውይ፣ አሁን ቃል ሊወጣት ነው የሚመስለው" አለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ስንመለስ ጋሽ ዘርይሁን ዝርዝሩን ከኪሱ አወጣ። "የሚቀጥለው ስም... እንዳትቆጪኝ እንጂ..."

"እሑድ ነፃ ነኝ" አልኩት።

ተካልኝ ያነሳኛል። ካሜራውን የማስተካክለው ግን እኔ ነኝ። ነጠላዬን አጥቤ አስጥቼዋለሁ። በዚህ ብርድ እስከ እሑድ ይደርቅ ይሆን? ቅድም ነካሁት። አሁንም ነካሁት። ጫፉ ገና እርጥብ ነው።