አንድ ሊትር የማጠቢያ ዘይት

መቱ
ጥቅምት 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ኦቹዶ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ እጅህ ዘይት በዘይት እንደሚሆን አውቃለሁ። ሳትታጠብ ክፈተው፤ ቢቆሽሽም ግድ የለኝም። እኔ ደህና ነኝ። መቱ ላይ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም። የጋምቤላ ሙቀት ናፈቀኝ ብል አታምነኝም፤ ያኔ ከጧት እስከ ማታ ስለ ሙቀቱ ስነጫነጭ የምትሰማው አንተ ነበርክና።

ባለፈው ሐሙስ ጩዎል ዕቃ ሊጭን እዚህ መጥቶ ነበር። ያችኑ መኪና ነው አሁንም የሚነዳው። ሻይ ጋበዝኩትና ስለ ሁላችሁም ጠየቅሁት። የጋራዡ ኃላፊ ቦታ ክፍት እንደሆነና ከሠራተኛው መካከል ሰው ሊመርጡ እንደሆነ ነገረኝ። «ታዲያ ጋሽ ኦቹዶ ነዋ!» አልኩት። ሌላ ሰው ትዝም አላለኝ። ጩዎል ብርጭቆውን አስቀመጠና «ማኅደር ውስጥ ወረቀት አለ አሉ፣ አለቃ። ማስጠንቀቂያ ያለው ሰው አይወዳደርም አሉ» አለኝ። የማን ወረቀት እንደሆነ አልተናገረም።

የእኔ ነው፣ ጋሽ ኦቹዶ። በሃያ ዓመት አገልግሎትህ ውስጥ ያለው አንድ መጥፎ ወረቀት የእኔ ፊርማ ያለበት ነው። ኮሚቴው በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባል። ስለዚህ ወኔዬ እንደ ልማዱ ሳይከዳኝ ዛሬውኑ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችለውን ሰው «አንተ» ማለቴ ከድፍረት እንዳልሆነ እወቅልኝ። በዚያ ማስጠንቀቂያ ላይ «እርስዎ» ብዬህ ነበር። አንተም ወረቀቱን አንብበህ «አማርኛ እርስዎ ካለኝ ሰውየው ተቆጥቷል ማለት ነው» አልከኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንተን «እርስዎ» ማለት አፌ ላይ ይመረኛል።

ጋምቤላ የገባሁት በ1986 መስከረም ነው፣ በሃያ አምስት ዓመቴ። ክልሉም ገና መቋቋሙ ነበር። አንዱ ቢሮ ኃላፊ ተሹሞለት ወንበር አልነበረውም፤ ሌላው ወንበር ገዝቶ ኃላፊ ይጠብቃል። እኔ የአውቶ መካኒክ ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ መጣሁና የጤና ቢሮው ጋራዥ ተሰጠኝ። ጋራዥ ማለት አንድ የማንጎ ዛፍ፣ አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ የሚሄድ የጭነት መኪና፣ አንድ የማይሄድ የጭነት መኪና፣ እና አንተ ነበርክ።

የመጀመሪያውን ዘይት ቅያሪህን ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። እኔ የተማርኩት አጭር ነው፤ አሮጌውን ዘይት አፍስስ፣ ፊልትሮ ቀይር፣ አዲስ ሙላ፣ ጨረስክ። አንተ ግን በመጀመሪያ ጩዎልን «እስከ ድልድዩ ነድተህ ተመለስ፣ ዘይቱ ይሙቅ» አልከው። ከዚያ የማፍሰሻውን ብሎን ፈታህና ዘይቱ ጠብ ማለቱን እስኪያቆም ተቀምጠህ ጠበቅህ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ አንተ ጠብታውን ታያለህ። ጠብታው ሲያልቅ አንድ ሊትር አዲስ ዘይት አመጣህና ብሎኑ እንደተፈታ ከላይ አፈሰስክበት! ንጹሑ ዘይት በሞተሩ አልፎ መሬት ላይ ባለው ሳፋ ውስጥ ወረደ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ዘይት እንደዚያ በመከራ ከአዲስ አበባ በሚመጣበት ጊዜ! አዲሱን ፊልትሮ ከመግጠምህ በፊት በእጅህ ይዘህ ቀስ እያልክ ዘይት ሞላኸው። ከዚያም ጩዎል የሞተር ማጥፊያውን ስቦ እንዲይዝና የዘይት ግፊቱ መርፌ እስኪነሳ ሞተሩን ሳያስነሳ በማስነሻው፣ በሞተሪኖው ብቻ እንዲያዞረው አዘዝከው። ይህ ሁሉ አልቆ ደግሞ አሮጌውን ፊልትሮ በብረት መጋዝ ሰንጥቀህ፣ ውስጡ ያለውን ወረቀት የእንቁላል መጥበሻ በምታህል ነጭ ሳህን ላይ ዘርግተህ ፀሐይ ላይ አየኸው። ግማሽ ቀን ሄደ።

ሳምንት አልታገስኩም። መመሪያ ጻፍኩና በማንጎው ግንድ ላይ በሚስማር መታሁት። «ከደረጃው ውጭ የሆኑ የዘይት ቅያሪ እርምጃዎች ከዛሬ ጀምሮ ተከልክለዋል» ይላል። ቆመህ ሁለት ጊዜ አነበብከው። «አለቃ፣ ይሄ ወረቀት ለሞተሩ ነው ወይስ ለእኔ?» አልከኝ። ጩዎል ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። እኔ ደሜ ፈላ። ቢሆንም ታዘዝከኝ። ከዚያ በኋላ ዘይት ቅያሪ አርባ ደቂቃ ሆነ። አሮጌውን ፊልትሮ ሰንጥቀህ ማየቱን ብቻ አልተውክም፤ እሱንም በምሳ ሰዓትህ ታደርገው ስለነበር ልከለክልህ አልቻልኩም።

ከዚያ ሰኔ 1987 መጣ። በኢታንግ በኩል ተቅማጥ ገብቶ፣ ጤና ጣቢያው ጉሉኮስ አልቆበት፣ ሕመምተኛው መሬት ላይ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር። ዝናቡ ጀምሯል። ያ ጥቁር አፈር አንዴ ውሃ ከጠጣ መኪና እንደማያሳልፍ ሁላችንም እናውቃለን። ጧት የመኪናው ዘይት በእኔ መመሪያ መሠረት ተቀየረ፤ ካርቶኑ ተጫነ። ጩዎል ሊነሳ ሲል፣ ያን ቀን የምሳ ሰዓት ሳትጠብቅ ፊልትሮውን ሰንጥቀህ፣ ሳህንህን ይዘህ መጣህ።

«አለቃ፣ ይሄን እይ» አልከኝ። በፊልትሮው ወረቀት ላይ፣ በጥቁሩ ዘይት መካከል፣ ቀላ ያለ የሚያበራ ብናኝ ነበር። «የዘንጉን መቀመጫ፣ ብሮንዚኑን፣ እየበላው ነው። ዘንጉ ብረት ለብረት ይገናኛል። እስከ ነገ ጧት ስጠኝ፣ እቀይረዋለሁ።»

ያኔ ያሰብኩትን ዛሬ ልንገርህ። ይህ ሰውዬ መመሪያዬን ሊበቀል ነው አልኩ። ሰው እየሞተ በብናኝ ሊያዘገየኝ ነው አልኩ። ብናኙን ግን አይቼዋለሁ፤ ትምህርት ቤትም ተምሬዋለሁ። አውቄ ነው ያላወቅሁት። መኪናው እየጠበቀ ቢሮ ገብቼ «ሆን ብለው አስቸኳይ ሥራ ለማደናቀፍ በመሞከርዎ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ፤ ማኅተም መታሁበት፤ ለአራት ቦታ ግልባጭ አደረግሁ። አንዱን በእጅህ ሰጠሁህ፣ አንዱን ማንጎው ላይ መታሁት። «መኪናው ደህና መሆኑን ራሴ አብሬ ሄጄ አሳይሃለሁ» ብዬም ጋቢና ገባሁ።

አንተ ወረቀቱን አጥፈህ የሸሚዝህ ኪስ ውስጥ ከተትከው። ወደ ዳሱ ገብተህ ቦርሳህን፣ ሸራህንና ሁለት ጀሪካን ዘይት ይዘህ ወጣህ። አጠገቤ ስትቀመጥ «ወዴት ነው?» አልኩህ። «ሞተሩ ሲቆም ሰው ያስፈልጋችኋል» አልክ። ቁጣ የለ፣ ምን የለ። የቀበሌ ስብሰባ የምትሄድ ነበር የምትመስለው።

ከመንገዱ እኩሌታ አለፍ እንዳልን የግፊቱ መርፌ ወረደ። እኔ መንገዱን ነበር የማየው፤ አንተ ከጋምቤላ ጀምሮ ዓይንህን ከመርፌው አላነሳህም። «ጩዎል፣ አጥፋ!» ብለህ ጮህክ። ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ብሎ ዝም አለ። ጩዎል መሪውን እንደ ከብት አንገት ዳበስ አድርጎ «በሬው ታመመ» አለ። መኪናውን ሁልጊዜ «በሬው» ነበር የሚለው።

እኔ ወርጄ ጭቃው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ። በየደቂቃው ሰማዩን አያለሁ። ጉሉኮሱን በሸክም እንውሰድ እላለሁ፣ ሰው እንላክ እላለሁ። አንተ ሸራህን ዘርግተህ ከመኪናው ሥር ገብተሃል። ከቦርሳህ በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣህ፤ ከማይሄደው መኪና ላይ ፈትተህ ለክፉ ቀን ያስቀመጥከው ብሮንዚን ነበር። እኔ ያንን መኪና ቁርጥራጭ ብረት ብዬ ልጽፈው ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ጀርባህ ጭቃ ውስጥ ሆኖ፣ ዘይቱን አፍስሰህ፣ የሞተሩን ሆድ አውርደህ፣ ዘንጉን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰህ ገጠምከው። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርክ፤ «ቶሎ ስላጠፋን ዘንጉ ተርፏል፣ አይዞህ» አልከኝ። ማስጠንቀቂያዬ ኪስህ ውስጥ እያለ አይዞህ አልከኝ።

ከዚያ አዲስ ፊልትሮ አቀበልከኝ። «ሙላ፣ አለቃ።» ቸኩዬ ዘይቱን ክርኔ ላይ አፈሰስኩት። «ቀስ። ወረቀቱ ይጠጣ። ደግሞ ጨምርለት።» ሞላሁት። ገጠምከውና «አሁን አንተ ግባ። ማጥፊያውን ስበህ ያዝ። መርፌው ሳይነሳ እንዳታስነሳ!» አልክ። በራሴ ወረቀት የከለከልኩትን በራሴ እጅ አደረግሁ። ሞተሪኖውን ሰጠሁ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ደግሜ ሰጠሁ፤ ምንም። በሦስተኛው ሽቅብ ብድግ አለ። ጋሽ ኦቹዶ፣ ብዙ ቆንጆ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ መርፌ ግን ደስ ያለኝ የለም። ጀምበር ሳትጠልቅ ኢታንግ ደረስን። ነርሷ ተሸካሚ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ካርቶኑን ራሷ ተሸክማ እየሮጠች ገባች።

በማግሥቱ ስንመለስ «ያ አንድ ሊትር ማጠቢያ ዘይት የምር ይጠቅማል?» ብዬ ጠየቅሁህ። ረጅም ሳቅ ሳቅህ። «እሱ? እንጃ። ምናልባት ምንም አይጠቅምም» አልክ። ተናደድኩም፣ ሳቄም መጣ። ከዚያ ስለ ባሮ ነገርከኝ። ልጅ ሆነህ በሞተር ጀልባ ስትሠራ፣ ሞተር ከቆመ ውሃው ይዟችሁ ይሄድ እንደነበረ። «መኪና ከቆመ ይገፋል፣ አለቃ። ጀልባ ማን ይገፋል? ስለዚህ ከመሄድ በፊት ቆመን እናያለን። ዘይቱ ሲንጠባጠብ እኔ ዝም ብዬ አልቀመጥም። ቺንጊያውን አያለሁ፣ ብሎኑን አያለሁ፣ የሚያፈሰውን አያለሁ። ያ ሊትር እኔን ያቆየኛል» አልከኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚያሳፍረኝ። ለቢሮው ባቀረብኩት ሪፖርት «በኃላፊው የቅርብ ክትትል ብልሽቱ ተወግዶ» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው እኔ ነኝ። መመሪያውን ከማንጎው ላይ ነቀልኩ፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ከማኅደርህ አላስወጣሁም። ዛሬ ነገ እያልኩ ስምንት ወር ቆየሁ። አስወጣልኝ ብትለኝ ኖሮ አስወጣው ነበር። አልጠየቅኸኝም። ወደ መቱ ስዛወርም በመሰናበቻው ቀን የማንጎ ዘንቢል አሸክመህ ሸኘኸኝ።

አሁን እኔም መጽሐፉን ደጋግሜ አገላብጫለሁ። ዘይቱን ማሞቁ፣ ፊልትሮውን መሙላቱ፣ መርፌው እስኪነሳ መታገሡ ልክ ነው። ስለ ማጠቢያው ሊትር መጽሐፉም እንደ አንተ እንጃ ይላል። እኔ ግን እዚህ ጋራዥ አሠራዋለሁ። መካኒኮቹ በመጀመሪያ አጉረመረሙ። አሁን ብሎኑ ተፈትቶ ዘይቱ ሲንጠባጠብ አንዱ ሌላውን «የኦቹዶ ሰዓት ነው፣ ተነስ እንይ» ይለዋል። አንተን አይተውህ አያውቁም። በዚህ ዓመት መንገድ ላይ የቆመብን መኪና የለም።

ጋሽ ኦቹዶ፣ ከአንተ የተሻለ መካኒክ አላየሁም፤ ከአንተ የተሻለ ሰውም ብዙ አላየሁም። ያ ማስጠንቀቂያ ሐሰት ነው። ሥራ ያደናቀፍኩት እኔ ነኝ፤ ጉሉኮሱን ኢታንግ ያደረስከው አንተ ነህ። ሪፖርቴም ሐሰት ነው። ይህንን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ ኮሚቴው ከፈለገኝም የተሰበሰበ ቀን መጥቼ ፊቱ እቆማለሁ። ደብዳቤው የግል ሆኖ ሳለ ሌላ ሰው ስለሚያነበው አትቀየመኝ። ስምህን ያጠፋሁት በአራት ግልባጭ ነው፤ በአንድ ፖስታ ብቻ ይቅርታ ልጠይቅህ አልችልም።

አክባሪህ፣
ጥዑመልሳን

ግልባጭ፦
ለቢሮው ኃላፊ፣
ለምርጫ ኮሚቴው፣
ለጋሽ ኦቹዶ የግል ማኅደር፣ ከማስጠንቀቂያው በላይ እንዲያያዝ፣
ለማንጎው ግንድ። ሚስማሩን ፖስታው ውስጥ ከትቻለሁ፤ ጩዎል ይምታው።