የጠረጴዛው ፒራሚድ

ማክሰኞ፣ ጥር 9 ቀን

ለልጄ፣

እንዴት ከረምክ? ሚስትህስ አዲሱ ሥራ ተስማማት? እኛ ደህና ነን። የልጅህ እግር ጀሶ በሦስት ሳምንት ይፈታል ብሏል ሐኪሙ። እስከዚያ ትምህርት ቤት የለም፤ እኔ አለሁ።

«አባባ፣ እኔን እንዳስተማሩኝ አያስተምሯት፤ አንዴ ቢያስለቅሷት መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለህ ጽፈሃል። አንብቤዋለሁ። ፊደልን ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ የለየሁ ግንበኛ ነኝ፤ እንዴት እንደማስተምር ማንም አይነግረኝም።

ጥንታዊ ታሪክ ጀምረናል። ሰባት ዓመት ሞልቷታል፤ የጥንቸል ተረት ይበቃታል። ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ትናንሽ እንጨቶች ቆርጬ፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ፒራሚድ እንድትሠራ አዘዝኳት። እኔ ከአሮጌው መጽሐፌ አነብላታለሁ፦ የሠሩት ባሪያዎች ናቸው፣ በአለንጋ እየተገረፉ። አምስተኛው ረድፍ ላይ እጇ ዘገየብኝ። «ቶሎ በይ! አስተካክይ!» ብዬ ጮህኩ። እንጨቱ ከእጇ አመለጠ፤ ሁሉም ተናደ።

አላለቀሰችም፤ ይህን እወቅ። ያቺ ጠበቃ ልጅህ አገጯን ቀና አድርጋ፣ «አያቴ፣ አንተ አንዴ ስትጮህብኝ ወደቀ። እነሱ ሁልጊዜ እየተጮኸባቸው ከሠሩት የእነሱ ለምን አልወደቀም?» አለችኝ።

«መጽሐፉ ነው ያለው።»

«መጽሐፉ ግንበኛ ነው እንዴ?»

አርባ ዓመት ድንጋይ ስጠርብ ይህን አንድ ቀን አላሰብኩትም። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አዲስ መጽሐፍ ተዋስኩ። ባሪያዎች አልነበሩም ይላል። የሠራተኞቹ መቃብር እዚያው ፒራሚዱ አጠገብ ተገኝቷል፤ የተሰበረ አጥንታቸው ታክሞ፣ ገጥሞ። ይህን ስነግራት ጀሶዋን ቸብ ቸብ አድርጋ፣ «እንደኔ!» አለች። አሮጌው መጽሐፍ ጠርዝ ላይ «ስህተት» ብዬ ጻፍኩ፤ በእርሳስ አይደለም፣ በእስክሪብቶ።

አሁን እሷ ስትሠራ እኔ እጄን አጣምሬ፣ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ድንጋይ ከመሸከም ይከብዳል። ሰባተኛው ረድፍ ደርሳለች። ልውሰዳት ካልክ ልጅህ ናት፣ አልከለክልህም። ግን ባቢሎን ገና ይቀረናል።

ሌላ ጉዳይ። በአሥራ ሁለት ዓመትህ ጓሮ የጀመርከው፣ «ጠማማ ነው» ብዬ ያስቆምኩህ አጥር እስካሁን አለ። ትናንት ቀጥ ማለቱን የምለካበትን ቱምቢ ይዤ ወጥቼ ለካሁት። ጣት ታህል እንኳ አላዘነበለም።

የሠራኸው ሁሉ ይቁምልህ።

አባትህ