የአፋፉ ዙር

ሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል

ዞሬ ገባሁ። እግሬ ሳፋ ውስጥ፣ አንቺ ማስታወሻዬ ጉልበቴ ላይ። ዛሬ አንድም ጊዜ አላረፍኩም። (ውሸት ነው። ሾላው ሥር አረፍ ብያለሁ። እሱም አገር ለማየት ነው።)

መንገዱን ገና በወጉ አልነገርኩሽም። ከቤርጎው ጓሮ ይነሣል። በኑጉ መሀል ያልፋል፤ ኑጉ አብቦ ወገብ ደርሷል። ቀጥሎ የጤፍ ማሳ። ከዚያ ድንገት መሬት ያልቃል። የዓባይ በረሃ። ጠዋት ጠዋት ከታች ጉም ይተኛበታል፣ ወንዙ አይታይም። አፋፉን ይዤ ወደ ግራ፣ ጭላዶች ፀሐይ በሚሞቁበት አልፌ እስከ ምንጩ። ከምንጩ ወደ ሚካኤል ቤ/ክ። ከቤ/ክ በመኪናው መንገድ ተመልሼ ቤርጎ። ክብ ነው። አገሩ ባሕር ለሌለው ሰው የገደል አፋፍም ባሕር ዳር ነው፤ ነፋሱ ያው ነው።

የደ/ማርቆሱ ሐኪም ትእዛዝ ነው። ስልክ ቤት ተቀምጬ ሽቦ ስሰካና ስነቅል ሁለቱም እግሬ አበጠ። ካልተራመድክ ወንበሩ ይወርስሃል አለኝ። ደ/ማርቆስ ላይ ደግሞ መራመድ አይቻልም፤ ጥቂት እንደሄድክ አንድ ወዳጅ ጠጅ ቤት ያስገባሃል። ስለዚህ የዓመት ፈቃዴን ይዤ ደጀን።

ቁርስ፣ ቂንጬ በቅቤ። የቤርጎው ባለቤት ወ/ሮ ስመኝ ራሳቸው አመጡልኝ። ሐኪሙ ስለ ቅቤ አላነሣም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ማክሰኞ፣ 19

ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳውን ሸፈነው። እጄን አላየውም። በእግሬ መሬቱን እየዳበስኩ ስሄድ አንድ ድንጋይ ከጫማዬ ሥር ተንከባሎ ወረደ። ሲያርፍ አልሰማሁም። ቁጭ አልኩና ጉሙ እስኪገልጥ በቂጤ እየተሳብኩ ወደ ኋላ። ኮፍያዬ ግን አልወደቀችም።

አርፍጄ ስመለስ ወ/ሮ ስመኝ በር ላይ ቆመዋል። ተቆጡኝ። ከዚያ አንድ ጭነት መኪና ወደ ቁልቁለቱ ሲያልፍ ቁጣውን ትተው አዳመጡ። ነገሩን ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ አቶ ሰይድ ነገረኝ፤ ሸራ ጫማዬን የሸጠልኝ። የወ/ሮ ስመኝ ባል የጭነት መኪና ነጂ ነበር። አንድ ክረምት ወደ በረሃው ወረደ፣ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱን የሚጀምር መኪና ሲሰማ ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች አለኝ።

ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ዘንድ «እሷ» ልላት ነው። በአፌ ያው እርስዎ ነኝ።

ረቡዕ፣ 20። ከሰዓት በኋላ

ብልሃት ተገኘ። ከአጥር የተረፈ እንጨት ለመንኳት፣ ጠርቤ ችካል አደረግሁት። ያረጀ ሸሚዜን ቀድጄ በየጫፉ ነጭ ጨርቅ አሰርኩ። ከኑጉ መውጫ እስከ ምንጩ አፋፉን ይዤ ተከልኩት። ጉም ቢመጣ ከችካል ወደ ችካል እየሄድኩ እገባለሁ። ስጨርስ ዘወር ብዬ አየሁትና ራሴን አደነቅሁ። የሚያደንቀኝ ሌላ ሰው ስላልነበረ።

ሐሙስ፣ 21

ጉም። ችካሌ ሠራ። ቁርስ ሳይቀዘቅዝ ደረስኩ። እንቅልፌ የልጅ ነው፣ ሆዴ የገበሬ። የጫማዬ ክር እንኳ አሁን እስከ ላይ ይታሰራል።

ቅዳሜ፣ 23

ችካሎቹ የሉም። አንድም። ጭላዳ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ከዚያ ለማገዶ የፈለገ ሰው ይሆናል ብዬ ይቅር አልኩት። ሌላ ጠርቤ አሁን ጠለቅ አድርጌ ተከልኩ። በመዶሻ።

ሰኞ፣ 25

ደግሞ ተነቅሏል። ይሄ ይሁን። የከፋኝ ሌላ ነው። አያ ምሕረቴ፣ የጤፉ ማሳ ባለቤት፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ሲያገኙኝ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ሌሊቱ ብርድ፣ ዞረው ደግሞ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኝ ነበር። ዛሬ እንዴት አደሩ አልኩ። ጀርባቸውን ሰጡኝ። ሁለተኛ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ምንም። ጎጃም ውስጥ ሰላምታ ያጣ ሰው ምን ቀረው? ቂንጬውን ተውኩት። (ግማሹን።)

ረቡዕ፣ 27

ምንጩ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመው ጠበቁኝ። መሀል አያ ምሕረቴ፣ ችካሎቼን እንደ ጭራሮ ታቅፈው። እግሬ ሥር ጣሉት።

«የማንን መሬት ነው የሚለኩት?» አሉ።

ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም። ስለ እግሬ አስረዳሁ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ አሳየሁ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ለካ እብጠቱ ጎድሏል! ሐኪሙን ደስ የሚያሰኘው ነገር እኔን ውሸታም አደረገኝ። የታመመ ሰው ይተኛል እንጂ ገደል ለገደል አይዞርም አሉ። ሰው ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ዳኛ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን። የትም ሳይደርስ፣ ምንም ሳይሸጥ፣ በየቀኑ ዞሮ ከተነሣበት የሚገባ፣ ያውም ችካል የሚተክል፣ ቀላድ ጣይ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

እውነታቸውን ነው። ከክረምቱ ጀምሮ መሬት በቀላድ ገመድ ሊለካ ነው፣ ግብር ሊቆለል ነው የሚል ወሬ አገሩን ይዞታል። ወሬው ደ/ማርቆስ ላይ ቀኑን ሙሉ በእጄ ያልፋል። ያን ሁሉ እየሰማሁ በሰው ርስት ላይ ነጭ ጨርቅ ያለው ችካል ተከልኩ። በመዶሻ! የጎጃም ልጅ ነኝ ብዬ ደግሞ ኮፍያ አዘነብላለሁ።

የተቆረጠው ይኸው፦ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዋስ ልጥራ። ርስት ያለው፣ ነገሩ ውሸት ከሆነ በርስቱ የሚጠየቅልኝ የአገሩ ሰው። ካልሆነ የሰኞውን አውቶቡስ ልያዝ። ደጀን ላይ ርስት ያለው የማውቀው ሰው አንድ ነው፣ ከሳሼ አያ ምሕረቴ፤ እሳቸውን ደግሞ አልጠይቅም።

ቅዳሜ፣ 30። ማታ

የገበያ ቀን። ሌላ ጊዜ ገበሬው ሸጦ ሲጨርስ ቤርጎው ጢም ይላል። ዛሬ አንድ ገበሬ አልገባም። ሁለት ሾፌሮች በልተው ሄዱ። ጠላው በጋኑ ቀረ። ቀላድ ጣይ ያሳደረች ሴት ተብላለች፤ አቶ ሰይድ ነው ደግሞ የነገረኝ፣ አቶ ሰይድ ክፉ ወሬ ሲነግር ሁልጊዜ ስኳር ይመዝናል።

ሰኞ እሄዳለሁ አልኳት። የታጠበ ብርጭቆ ደግማ አጠበች።

ሻንጣዬን አሰርኩ። ማስታወሻዬ፣ ለእግሬ ብዬ አይደለም የከፋኝ። እግሬ ድኗል። ወደድኳት። ይኸው ጻፍኩት። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ወጥቼ የምገባበት ቤት ይኑር አይኑር ያሳሰበኝ ጊዜ የለም። አሁን ያሳስበኛል። እነሱ ያባረሩኝ መሰላቸው እንጂ እኔ ነኝ የምሄደው፤ የሷን ደጅ ባዶ አድርጌ መቀመጥ አልችልም።

እሁድ፣ ኅዳር 1

እንደሆነው ልጻፈው።

ከቅዳሴ በኋላ፣ ሚካኤል ቤ/ክ ደጅ ጥዱ ሥር። ሽማግሎቹ በድንጋዩ ላይ፣ እኔ ቆሜ፣ ኮፍያዬ በእጄ። አያ ምሕረቴ ዋስ አለዎት ወይ አሉኝ። የለኝም፣ ነገ ተሳፋሪ ነኝ አልኩ። ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ሲል ከሴቶቹ በኩል አንድ ሰው ተነሣ። ነጠላዋን አስተካክላ መጣች። ከአባቷ የደረሳት መሬት ያው አፋፉ ላይ ነው፤ በሱ ዋስ እሆናለሁ አለች። ጉርምርምታ ሆነ። አያ ምሕረቴ ዱላቸውን አነሡ።

«ምንሽ ነው?»

«እንግዳዬ ነው፣ አያ ምሕረቴ። ያ ሰው በረሃ ወርዶ ሲቀር በር ላይ እንዴት ቆሜ እንደከረምኩ እርስዎ ያውቃሉ። ይሄ ጠዋት ይወጣል፣ ይመለሳል። ወጥቶ የሚመለስ ሰው ምን አጠፋ?»

ከዚያ ቄሱ፣ የነፍስ አባቷ ናቸው፣ ዋስነቷ ይጸናል አሉ። አያ ምሕረቴም ረጅም ጊዜ ጺማቸውን ሲያሹ ቆይተው አንድ ነገር ጨመሩ፦ ነገ አብሬያቸው እዞራለሁ፣ የሚሠሩትን በዓይኔ አያለሁ።

ወደ ቤት በአንድ መንገድ ተመለስን፤ እሷ ከሴቶቹ ጋር ፊት፣ እኔ ኋላ። ሻንጣዬን ፈታሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ከአያ ምሕረቴ ጋር ዞርን። ዙሩን ሙሉ ስለ አንድ የሞተ በሬያቸው አወሩኝ። ጥሩ በሬ ነበር፣ እኔም አዘንኩለት። ምንጩ ላይ ውሃ ጠጣን። በር ላይ ስንደርስ ቆሙ።

የት ደረስን አሉኝ። ቤርጎ አልኩ። ይሄማ የተነሣንበት ነው፣ ታዲያ ለምን ሄድን? አሉ። እግሬን አሳየሁ። እሳቸው ግን ሳቁ፣ ዞሮ ዞሮ ከቤት አሉ፣ ገብተውም ጠላ አዘዙ። ከኋላቸው ሌሎች ገቡ። ለዚህ ሰውዬ አንድ ጽዋ ስጪው ብለው ሲያዙ ሰማሁ። እርስዎ መባሌ ቀረ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዙር የለም። አያ ምሕረቴን ማሳቸው ድረስ ሄጄ ሽማግሌ ሁኑልኝ አልኳቸው። መጀመሪያ የመሬት ጉዳይ መሰላቸው። ለማን ሲሉኝ ወደ ቤርጎው ጣሪያ ጠቆምኩ።

«ችካሉን ቀድመህ በዚያ በኩል መትከል ነበረብህ» አሉኝ።

እሺ ብለዋል። ቄሱም፣ አቶ ሰይድም ይሄዳሉ። እሺ ካለች ወደ ደጀን ስልክ ቤት ለመዛወር ማመልከቻ እጽፋለሁ። እንቢ ካለችም እጽፋለሁ? አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

አንቺን ከክፍሌ ይዤ የወጣሁት ዛሬ ብቻ ነው። ያለሁት አቶ ሰይድ ሱቅ ውስጥ፣ በሚዛኑ አጠገብ። ሽማግሌ ሲላክ ላኪው አይታይም፤ የምኖረው ደግሞ እሷው ቤት ነው፣ ወዴት ልሂድ? ለመዞር አስቤ ነበር፣ ከዚያ ግን ግቢዋ አይታይም። አቶ ሰይድ ሱቁን ጥሎልኝ ሄደ።

ሦስቱም ግቢዋ ውስጥ ቆመዋል። ሽማግሌ እሺታ እስኪያገኝ አይቀመጥም፤ ተቀመጡ ከተባለ ነገሩ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ሆኜ እነሱን አያለሁ፣ እሷን ምሰሶው ከልሎብኛል። አያ ምሕረቴ ይናገራሉ። አሁንም ይናገራሉ። በሬውን እንዳያነሡ ብቻ።

አንዲት ሴት ክብሪት ልትገዛ መጣች። የለም አልኳት። ክብሪቱ ፊቷ ተደርድሯል። ገርሟት ሄደች።

ቄሱ እግራቸውን እያፈራረቁ ነው። አቶ ሰይድ መሬት መሬት ያያል። ምነው?

ወደ ውስጥ ገባች። ቆመዋል።

አሁንም ቆመዋል።

ወጣች። አግዳሚውን ወንበር በአንድ ጫፍ ይዛ እየጎተተች ነው። ከባድ ነው፣ ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው፣ አቶ ሰይድ ሄዶ ያዘላት። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አያ ምሕረቴ ተቀመጡ። ቄሱም። ማስታወሻዬ፣ ሦስቱም ተቀመጡ፣ እሷ ወደዚህ እያየች ነው፣ ሱቁን ለማን ትቼ ነው የም