ያልተቆጠሩት ዘጠኝ ወረቀቶች

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ስኳርዎስ ወረደ ወይ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ? የእማማ ዓይን ተሻለው? በልጉ ዘንድሮ ዝናብ ሰጣችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁና አሁን ከምነግርዎት ነገር በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ያልነገርኩዎት ቤታችሁ ስልክ ሲደወል ሰፈሩ ሁሉ ስለሚሰማ ነው። ይህን ደብዳቤ ለእረፍት ወደ አገር የሚመጣው ያሲር በእጁ ይሰጥዎታል፤ እባክዎን ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

እዚህ ባለው የአገራችን ሰዎች ማኅበር ምርጫ ድምፅ ቆጣሪ መሆኔን ወንድሜ ሳሚር ነግሮዎት፣ "የልጄን ታማኝነት በሰው አገር እንኳ አወቁላት" እያሉ ለቂሬው እድርተኛ ሁሉ እንዳወሩ ሰማሁ። እንደሱ ባይሉ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበሩ በመላው እንግሊዝ አንድ ፕሬዚዳንት አለው። ከዋናው ምርጫ በፊት እያንዳንዱ ከተማ ማጣሪያ ያደርግና አንድ እጩ ብቻ ያቀርባል። አሁን ያሉት ፕሬዚዳንት አቶ ሙባሽር የለንደኑን ማጣሪያ ሁለት ጊዜ ያለ ተፎካካሪ አልፈዋል። አረጋውያንን በየቤታቸው ለምረዳበት ሥራ ስፖንሰር አድርገው ያመጡኝም እሳቸው ናቸው። ቪዛዬ የታሰረው በእሳቸው ድርጅት ነው። ስፖንሰርነቱን ካነሱ ስልሳ ቀን ይሰጠኛል፤ በዚያ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ካላገኘሁ አገር መልቀቅ ነው።

ዘንድሮ ኂሩት የምትባል ሴት ተወዳደረቻቸው። ኂሩት እዚህ ቶተንሃም የአውቶቡስ ሹፌር ናት። የመጣሁ ሰሞን ማደሪያ ሳጣ ሦስት ወር ቤቷ ያኖረችኝ፣ ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄዳ ያስመዘገበችኝ እሷ ናት። አቶ ሙባሽር ጠርተው "ከጸሐፊያችን ከአቶ ባህሩ ጋር አንቺ ትቆጥሪያለሽ፤ እኔም ኂሩትም እናምንሻለን" አሉኝ። እውነት ነበር፣ ሁለቱም ያምኑኝ ነበር።

እሑድ ግንቦት አራት ስልሳ አንድ ሰው የመረጠውን ስም በወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ ከተተ። ስንቆጥር ኂሩት ሠላሳ ሦስት፣ አቶ ሙባሽር ሃያ ስምንት አገኙ። አቶ ባህሩ መነጽራቸውን ጠረጉና "እንደገና" አሉ። በሁለተኛው ቆጠራ ዘጠኝ ወረቀት ለብቻ አወጡ። ስሟ በመዝገብ የሰፈረው በ"ኂ" ነው፤ ዘጠኙ ሰው "ሂሩት" ብሎ ጽፏል። "ደንቡ ስሙ በመዝገብ እንዳለው ይጻፍ ይላል። እነዚህ አይያዙም" አሉ። "አቶ ሙባሽርንም እኮ ሁለት ሰው 'ሙበሽር' ብሎ ጽፏቸዋል" አልኳቸው። "እሳቸው የታወቁ ናቸው" አሉኝ።

አባባ፣ ከዘጠኙ አንዱ የእኔ ነበር። የገዛ እጄን ጽሕፈት ከስምንቱ ጋር ደርቤ ወደ ጎን ገፋሁት።

ቃለ ጉባኤው የሁለታችንን ፊርማ ይፈልግ ነበር። አቶ ሙባሽር በሩ አጠገብ ቆመው ከሰው ጋር እየሳቁ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ በላይ ምንም አላደረጉም። እርስዎ በቂሬ ዳኝነትዎ ደሀውንም ሀብታሙንም እኩል ሲሰሙ እያየሁ ያደግሁት ልጅዎ ፈረምኩ። ሃያ ስምንት ለሃያ አራት ተብሎ ተነበበ፤ ተጨበጨበም።

ወንበር ሲነሳ ኂሩት ወደ ጠረጴዛው መጥታ "ዓፊፋ፣ አንቺ ስሜን በየትኛው 'ሂ' ነው የምትጽፊው?" አለችኝ። ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። "ተይው፣ ይገባኛል፤ ቪዛ አለብሽ" ብላ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አቤቱታ ብታስገባም ሁለቱም ቆጣሪዎች ፈርመዋል ተብሎ ተዘጋ። አሁን እሷ የምትነዳውን አውቶቡስ ሳይ ወደ ኋላ እልና ሌላ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። አራት ድርጅት ዘንድ አፕላይ አድርጌያለሁ፤ ስፖንሰር አደርግሻለሁ ያለኝ እስካሁን የለም።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ አቶ ሙባሽር ቢሮ ጠርተው ሻይ አስቀረቡልኝ። "እህትሽ ነርስነት ጨርሳለች አይደል? ፓስፖርቷን አስልኪልኝ፣ ላንቺ ስል አመጣታለሁ" አሉኝ። ሳፋ ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቀች አውቃለሁ። "አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

አባባ፣ ሳፋ ፓስፖርቷን እንዳትልክ። አቶ ሙባሽር ይደውሉልዎታል። "ልጄን አልሰጥም፣ አልፈቅድም" ይበሏቸው፤ የእኔን ስም አያንሱ። ሸክሙን በእርስዎ ላይ ስለጣልኩ አውፍ ይበሉኝ። እኔ እሳቸውን እምቢ ማለት አልችልም። እርስዎ ይችላሉ።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ሳሚር ትምህርቱን እንዳይተው። አክስቴ መይሙናን ከነልጆቿ፣ የቂሬውን ሰዎችም በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ፤ ስለ ምርጫው ሲጠይቁዎት ግን ወሬውን ወደ ሌላ ይውሰዱት። ሳፋን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። ምክንያቱን አይንገሯት። ትቀየመኛለች፤ ትቀየመኝ።

ልጅዎ ዓፊፋ
ለንደን፣ ቶተንሃም
ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.