ሃያ ሁለት ገመድ

ኮልፌ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለሩቁ ወዳጄ፣

በዚያ ሙቀትና ዝናብ ውስጥ ጤናህ እንዴት ሰነበተ? ምግባቸውስ ተስማማህ? ወባው ለቀቀህ ወይስ ዛሬም እየተመላለሰ ያንቀጠቅጥሃል? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ የጉልበቴን ነገር ካላነሣን ደህና ነኝ። ከእናቴ ጋር ቄጤማ ያጭዱ የነበሩት ወይዘሮ ጫልቱ ከጎኔ ተቀምጠው “የእኔንም ሰላምታ ጻፊለት፣ እሱ እንደሁ ረስቶኛል” ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩልህ። እናቴ ግን ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷን ያዘች። ብትኖር ኖሮ ከሁላችን ቀድማ የምትጠይቅህ እሷ ነበረች።

ደብዳቤህ ሐሙስ ዕለት በክሊኒኩ ፖስታ ሣጥን መጣልኝ። ከኢንዶኔዥያ መሆኑን ሳይ እስከ ምሳ ሰዓት መታገሥ አቃተኝና እዚያው በምሠራበት ካርድ ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። የተሰለፉት በሽተኞች ብቻዬን ስስቅ አይተው እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ “ይቺ ልጅ ዛሬ ካርዳችንን አታገኘውም፣ ገብተን ራሳችን እንፈልግ” ብለው ሰው አሳቁብኝ። በአርባ ሦስት ዓመቴ ልጅ መባሌ ራሱ ደስ አለኝ። እንዲያ ያለ ቀን ነበር።

ስለዚያች የጃቫ መንደር የጻፍከውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ሥሮቻቸውን ከጨው ውኃው በላይ ዘርግተው የሚቆሙት ዛፎች፣ በዛፎቹ መሐል ሸርጣን የሚለቅሙት ሴቶች፣ ኋላም ዛፉ ለከሰልና ለዓሣ ኩሬ ሲመነጠር ባሕሩ እየገፋ መምጣቱ። አንዲትን አሮጊት “በልጅነትዎ ዳርቻው የት ነበር?” ብለህ ብትጠይቃቸው፣ ባሕሩ ላይ የቆመ ጀልባ በጣታቸው አሳይተው “እዚያ ጋ የእናቴ ማድ ቤት ነበር” አሉኝ ያልከውን ለወይዘሮ ጫልቱ ሳነብላቸው “እኔን የመሰለች ሴት ናት” አሉ።

ከዚያ ጥያቄህ ጋ ደረስኩ፤ ሳቄም እዚያ ላይ ቆመ። የኮልፌን ጨፌ ከዚያች መንደር ጎን አስቀምጠህ ልትጽፍ መሆኑን፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እኔ በነገርኩህ የጨፌው ወርድ ላይ መቆሙን፣ ጽሑፉንም በየካቲት ለመምህሮችህ እንደምታስረክብ ገልጸህ “ሰማንያ ሜትር ልክ ነው አይደል?” ትለኛለህ። ልክ አይደለም ወዳጄ። ጥፋቱም ያንተ አይደለም፣ የእኔ ነው።

እስቲ አስታውስ። በ1957 ዓ.ም. በዚያች የመጀመሪያ ቅዳሜ ከአውቶቡስ ፌርማታው ጭቃውን እያቦካህ ስትመጣ፣ ሰፈሩ መሬት ቀያሽ መጣ ብሎ በሩን ዘጋ። አቶ ቀጄላ እንዲያውም ላሞቻቸውን ወደ አስኮ ነድተው ደበቋቸው። ማንም አላናግር ሲልህ “ፊደል የቆጠረች አለች” ብለው ወደ እኔ ሰደዱህ። በልጅነቴ ክረምት ሲወጣ ውኃው እስከ የት ይተኛ እንደነበር ጠየቅኸኝ። ከመንገዱ ዳር እስከ ሾላው ነው አልኩህ። የሜትሩን ጫፍ አስያዝከኝ፣ ለካን፣ ጻፍክ፣ አመስግነህ ልትሄድ ዞርክ። በቃ፣ አለቀ ማለት ነው አልኩ በልቤ። ሳላስበው “ተሳስቼ ይሆናል፣ እናቴን ልጠይቅና ቅዳሜ ተመለስ” የሚል ነገር ከአፌ ወጣ።

በሁለተኛው ቅዳሜ እስከ አቶ ቀጄላ አጥር ነው አልኩህ። በሦስተኛው እስከ ድንጋዩ ድልድይ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ያልኩህን እኔም አላስታውሰውም። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ጨፌውን እንደ ላስቲክ ስስበውና ስለቅቀው ከረምኩ። እናቴ በመስኮት እያየችን “ይኼ ሰውዬ ረግረግ አይቶ አያውቅም እንዴ?” ትለኝ ነበር። በመጨረሻ ስድስቱን መልስ ደምረህ ለስድስት አካፍለህ “አማካዩ ሰማንያ ሜትር ነው” ብለህ ስታሳየኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ዝም አልኩ። ይኸው ስምንት ዓመት ዝም።

ደብዳቤህ በመጣ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ወይዘሮ ጫልቱ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልተገረሙም። “ያኔስ አይተንሽ ነበር፤ ለእኛ ብለሽ ቀያሹን የምታሳስቺው መስሎን እኮ ነው። ሰፈሩ ጎበዝ ልጅ ሲልሽ ከረመ” አሉኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የአጫጆቹን ገመድ ነገር አነሡልኝ።

አንተ ስለ ገመዱ አልጠየቅህም፣ እኛም አልነገርንህም። አጫጆቹ ጨፌውን የሚካፈሉት ሸክም በሚያስሩበት ገመድ ነበር። የሁሉም ገመድ እኩል ነው። ከመንገዱ ዳር ተጀምሮ ለአንዷ ሁለት ገመድ ይለካላታል፣ ቀጥሎ ለጎረቤቷ፣ እንዲያ እያለ ውኃው እስኪያልቅ። ከድርሻዋ አልፋ ያጨደች ሸክሟ ተፈትቶ ይበተንባታል። ወይዘሮ ጫልቱ ሴቶቹን እንደ አቋቋማቸው ቆጠሩልኝ። ዙቤዳ ከዳር፣ ወርቄ ከሷ ቀጥላ፣ እያሉ እያሉ አሥራ አንድ። እናቴ ሰባተኛዋ ነበረች፤ መሐሉ ጥልቅ ስለሆነ ጧት በውርጭ እስከ ጭኗ ትገባለች። ስትወጣ አልቅቱን በጨው ከእግሯ የማስለቅቃት እኔ ነበርኩ። እኔን አሥረኛ ክፍል ያደረሰኝ ያ ቄጤማ ነው።

የወይዘሮ ጫልቱን ገመድ በክሊኒኩ ሜትር ለካሁት። ልክ ስድስት ሜትር ነው። አሥራ አንድ ሴት፣ ለእያንዳንዷ ሁለት፣ ሃያ ሁለት ገመድ። መቶ ሠላሳ ሁለት ሜትር። ከመንገዱ ዳር እየዘረጋን ብንሄድ ሾላው ግንድ ሥር ጣለን። ከስድስቱ መልሴ እውነቱ የመጀመሪያው ብቻ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር ስንሄድ ጫማዬ አልረጠበም፤ እንቁራሪት እንኳ አልሰማንም። ባሕር ዛፉን ሳማርር ወይዘሮ ጫልቱ “ተይ እንጂ፣ ዛሬ ቅጠሉን ጠርጌ ሸጬ አይደል የምበላው?” ብለው ተቆጡኝ። ይህንንም ጻፈው፤ የእኔን ናፍቆት ብቻ አትጻፍ።

ለመምህሮችህ “መረጃ የሰጠችኝ ሴት ዋሽታኝ ነበር” በላቸው። ስሜንም አትደብቅ፣ አያሳፍረኝም። አንድ ነገር ግን እኔም በተራዬ ልጠይቅህ። አንተ ቁጥር አዋቂ ሰው፣ አንዲት ሴት በስድስት ቅዳሜ ስድስት ዓይነት መልስ ስትሰጥህ አንድ ቀን እንኳ ያልተቆጣኸው ለምንድን ነው?

የምትሻገረውን ባሕር ጸጥ ያድርግልህ፣ ለእኚያ አሮጊትም ዕድሜ ይስጣቸው። በግንቦት እመለሳለሁ ብለሃል። የዛሬውን መልሴን ለማጣራት መምጣት አያስፈልግህም፤ ምስክር አለኝ። ኮልፌ የምትመጣ ከሆነ ግን ሜትሩን እቤት ትተኸው ና።

የቅዳሜ ወዳጅህ